ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ አሰለፈች፤
ደብረ ሲና።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ክረምቱ ሳይገባ ጀመረሽ ወይስ ዘንድሮ ምሕረት አደረገልሽ? ባለቤትሽን ጋሽ ይፍሩን ያ ሳል ለቀቃቸው? ሠራተኛሽ አሰፋሽስ ጥርሷን አስነቀለች ወይስ አሁንም ጉንጯን በሻሽ አስራ ትውላለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወባ በቀር ደኅና ነኝ። ወባውም ቢሆን የሚያሳስብ አይደለም፤ በዚህ አገር ካለነው ሁሉ በቋሚነት የተቀጠረው እሱ ብቻ ስለሆነ እናከብረዋለን። ሰላምታዬ ከአሶሳ ተነሥቶ፣ የባምባሲን ጭቃ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ ጭጋጉን እየገፋ በሱቅሽ በር ይግባልሽ።

ልጄ ቤዚስ እንዴት ናት? እሷን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ረስቼ አይደለም። ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ስለ እሷ ነው። መካከል ላይ ስለ አንድ ጦጣ ብዙ አወራለሁ፤ ወንድሜን ወባው ናላውን አዞረው ብለሽ እንዳትጥዪው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ስልክ ልደውል ሦስት ቀን ተመላልሼ ነበር፤ መስመሩ አልተገኘም።

ሚያዝያ ላይ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልንገርሽ። ቢሮ ውስጥ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለሠራተኛው ሁሉ አነበብኩት። «እንዳንተ ልጅ እንደ ቤዚ ጨዋ አላየሁም። አራት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ አይሰማም። በሩን ቆልፌባት ሱቅ ስውል አታለቅስም። ግድግዳ ተደግፋ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘች ራሷን ታስተኛለች። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ዓይነ አፋርነቷ ደስ ሲል። በአጥሩ ቀዳዳ እየዳኸ የሚመጣ የጎረቤት ሕፃን ነበር፤ ሦስት ጊዜ አውጥቼ ለእናቱ ሰጠሁና ቀዳዳውን በቆርቆሮ አስደፈንኩት። ያዘዝከኝ ነገር አንዲት ነጥብ አልተጣሰም» ብለሽ ነበር። ጸሐፊያችን ሀምዲያ የእሷ አራት ልጆች የቤቷን ክዳን ሊነቅሉት እንደደረሱ ነግራኝ ቀናችብኝ። እኔም አባት ማለት ይህ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

አሁን ወደ ጦጣው ልምጣ።

አዲስ ክልል መሆናችንን ታውቂያለሽ። ማኅተም አለን፣ የማኅተሙ ቀለም ግን ዘግይቷል። ጠረጴዛ አለን፣ ጠረጴዛው ጋ የሚቀመጠው ሰው ገና በጥናት ላይ ነው። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራልሽም፤ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ስለተቀየረ፣ ይህ ደብዳቤ ደብረ ሲና እስኪደርስ አራተኛው ሊወጣለት ይችላል። ሥራችን ከእንስሳት ጋር የተያያዘ መሆኑን ካወቅሽ ይበቃል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሰው ገበያ ላይ የጦጣ ግልገል በገመድ አስሮ ሲሸጥ ተያዘና ግልገሉ ወደ እኛ መጣ። እናቱ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተገድላለች። እሱ የመዳፌን ያህል ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ። ጡጫውን ጨብጦ አልፈታ አለ። በኋላ ሲፈታ ውስጡ የእናቱ ጸጉር ነበር።

ምን ይደረግ ተባለ። ከድሮው መሥሪያ ቤት የወረስነው መመሪያ የሚያውቀው ቀንድ ከብት ብቻ ነው። ከጠረፍ የመጣ በሬ ሃያ አንድ ቀን ከመንጋ ተለይቶ ይቆያል፤ ከመጋቢው በቀር ማንም አይቀርበውም፤ መጋቢውም በእጁ አይነካውም፤ የለይቶ ማቆያ ክፍል ኃላፊ ሲፈርም ይለቀቃል ይላል። ይህን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ትእዛዙን እንዳረቅ ተመረጥኩ። በሬ የሚለውን ሰርዤ ጦጣ ብዬ ጻፍኩበት። ቅጹ «ቀንድ» የሚል መስመር ነበረው፤ «የለውም» ብዬ ሞላሁ። «እናት» የሚልም ነበረው፤ «የለችውም» አልኩ። የመዝገብ ቁጥር ተሰጠው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጓዳ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ፣ የቀርከሃ ሣጥን ተሠራለት። ወተቱን ደግሞ ዘበኛችን ማህጁብ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ በታሰረ ጣሳ እንዲያቀርብለት ተወሰነ። ቀርከሃው እንዳያጥር ርዝመቱን በሜትር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሃያ አንዱ ቀን አለቀ። ግልገሉ አላሳለውም፣ አላስቀመጠውም፣ ጤነኛ ነው። ይፈታ ሲባል ግን የለይቶ ማቆያ ክፍል ኃላፊ የሚባል የሥራ መደብ በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ገና አልጸደቀም። ሊታሰር የሚችልበት ወረቀት አለ፤ የሚፈታበት እጅ ግን አልተቀጠረም። ሦስት ጊዜ ማስታወሻ ጻፍኩ። «መዋቅሩ ሲጸድቅ ይታያል» የሚል መልስ ሦስት ጊዜ መጣልኝ፤ ሦስተኛው ላይ እንዲያውም የመዝገብ ቁጥሩን በትክክል ስለጻፍኩ ተመስግኛለሁ። እኔም ጨዋ ሠራተኛ ነኝና «ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ባለበት ይቆይ» ብዬ አስፈርሜ በሣጥኑ ላይ ለጠፍኩ። ሃያ አንዱ ቀን ዘጠኝ ወር ሆነ።

ማህጁብን በደንብ ልታውቂው ይገባል። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ የሰባት ልጆች አባት፣ አማርኛን ካደገ በኋላ የተማረ፣ ከእኛ ከተማርነው ሁሉ ግን ማየት የሚችለው እሱ ነው። ጦጣውን በመዝገብ ቁጥሩ አይጠራውም፤ «ልጁ» ይለዋል። ጥር ላይ ይሁን የካቲት፣ ዕቃ ለመቁጠር ጓዳው ስገባ ጦጣው ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዶቹን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል። እኔም ማህጁብን አመሰገንኩት፤ እንስሳው እንዴት ያለ ሥርዓት ያዘ፣ ድሮ ይጮህ አልነበረም ወይ አልኩት። ማህጁብ ቀርከሃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዞር ብሎ አየኝ።

«አቶ ደባልቄ፣ ወላሂ ይሄ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም» አለኝ። «መጀመሪያ ወር ይጮሃል። እኔ ይመጣል፣ ወረቀት አትንካ ይላል፣ እኔ አይነካም። ሁለተኛ ወር ትንሽ ይጮሃል። ሦስተኛ ወር ዝም አለ። አሁን እኔ ሲመጣ ጣሳ ያያል፣ እኔን አያይም። የእኔ ልጅ እንዲህ ዝም ቢል እኔ ሼኽ ይጠራል፣ ሐኪም ይጠራል፣ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል።»

እኔስ ምን አልኩ? መመሪያ ነው አልኩት። ሰውየው ቀርከሃውን አንሥቶ ወጣ።

መጋቢት ላይ ዶክተር ሁንዴሳ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተመድቦልን መጣ። ከወለጋ ነው፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ። ያለውን ንብረት ሳስረክበው መጨረሻ ላይ ጓዳውን ከፈትኩለት። በሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ ካነበበ በኋላ ይህን ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀኝ። በኩራት እኔ ነኝ አልኩ። ስንት ወሩ ነው ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። ከዚያ በፊት ሐኪም ተቀምጦ ሲያዝን አይቼ አላውቅም፤ ከተሰበሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ቀን በዝርዝር አስረዳኝ። አንጎል ከማህፀን አልቆ አይወጣም አለኝ፤ የሚያልቀው ከተወለዱ በኋላ ነው፣ ያውም ብቻውን አያልቅም። ውጭ አገር ሰዎች አይጦችን ከሕፃንነታቸው ከፍለው፣ ግማሹን ከነጓደኞቹና ከነመጫወቻው፣ ግማሹን ለየብቻ አሳድገው አንጎላቸውን አይተዋል። ለብቻው ያደገው አይጥ የአንጎሉ ቅርፊት ይሳሳል፣ የነርቮቹ ቅርንጫፍ ያንሳል። መብሉ ያው፣ ውኃው ያው፤ የጎደለው ሌላ አይጥ ነው። ቡችላዎችንም እንዲሁ ዘግተው አሳድገዋቸዋል፤ ሲያወጧቸው አፍንጫቸውን እሳት ላይ ያደርጋሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ያደርጋሉ። ጦጣና ዝንጀሮ ግን ከሁሉ ይብሳል አለ። ያለ እናትና ያለ እኩያ ያደገ ግልገል ራሱን አቅፎ ይወዛወዛል፣ ሰው ሲመጣ ጥግ ይገባል፣ ሲያድግ ራሱን ይነክሳል።

ማህጁብ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማ ነበር። ልክ እንደ ቀርከሃ ግድግዳ ነው አለ። እዚህ አገር የቤት ግድግዳ ሲታታ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ይቆማሉ፤ የውስጡ ልጡን በቀዳዳው ሲያሾልክ የውጩ ተቀብሎ ይመልስለታል። ውጭ የሚመልስ ከሌለ ልጡ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ግድግዳውም ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ፣ እኔ አምስት ዓመት የተማርኩትን ይህ ሰውዬ በአንድ ቤት ጨረሰው አለ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ጆሮዬ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። ራሱን አቅፎ ይወዛወዛል። ሰው ሲመጣ ጥግ ይገባል። ይህን የት ነው የሰማሁት እያልኩ ቢሮዬ ገባሁ። ያኔ ያንቺ የሚያዝያ ደብዳቤ ገና አልመጣም፤ የገናው ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አነበብኩት። «ትወዛወዛለች» ይላል። እናቷ ብሪቱም ሕፃን ሆና እንዲሁ ትወዛወዝ ይሆናል ብዬ ደብዳቤውን መልሼ መሳቢያውን ቆለፍኩ። እትዬ፣ ልብ በይ፤ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ከአንድ ወር በኋላ የሚያዝያው ሲመጣ ቆሜ ያነበብኩት፣ ደረቴን የነፋሁት፣ ያው እኔ ነኝ። አይጡ ቅርፊቱ የሳሳው ለብቻው ስላደገ ነው፤ የእኔን የቢሮ ኑሮ አሳስቶት ነው መሰለኝ።

ጦጣው የተለቀቀው ግንቦት አሥራ አራት ቀን ነው። ዶክተር ሁንዴሳ መዋቅሩን ሳይጠብቅ በራሱ ስም ፈረመ። እንዲህ ያለ ድፍረት ስላልለመድን ነገሩ በሥርዓት እንዲሆን አምስት አባላት ያሉት የርክክብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ሆንኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ማንጎ የበዛበት ቦታ አለ፣ የጦጣ መንጋ እየመጣ የሚዝናናበት። ሣጥኑን እዚያ አስቀምጠን፣ በሩን ከፍተን፣ ራቅ ብለን ቆምን። የኮሚቴው ሰብሳቢ አጭር ንግግር አደረጉ፤ ከጦጣዎቹ በኩል የሰማቸው የለም።

ማህጁብ በቀርከሃው ገፋ ሲያደርገው ወጣ። ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መንጋው ከላይ አየው፤ ትንንሾቹ ወርደው ዙሪያውን ዘለሉ። እሱ ራሱን አቅፎ መወዛወዝ ጀመረ። አንዲት ጡቷ የረዘመ አሮጊት ጦጣ ቀስ ብላ ቀርባ፣ እነሱ እንደሚያደርጉት ጸጉሩን ልትፈትሽለት እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እትዬ፣ ሣጥን ከገባ ወዲህ ሌላ እጅ ሲነካው ያኔ ገና መጀመሪያው መሆኑ ነው። ጮኸ፤ እሷን ግን አልነከሳትም። የራሱን ክንድ ነከሰ። ደም እስኪወጣ አልለቀቀም። አሮጊቷ ወደኋላ ብላ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ከዛፉ ጫፍ አንዷ ጮኸች። ንስር አይታለች። መንጋው በአንድ ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፣ ሕፃኑ እንኳ ሳይቀር። የእኛ ጦጣ ብቻ ሜዳ ላይ ቀረ። ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮት ያውቃል? የንስሩ ጥላ ሣሩ ላይ ሲመጣ ማህጁብ ሮጦ ጀለቢያውን ዘርግቶ ከለለው። ኮሚቴው በሙሉ መመሪያው ሲጣስ አየ። ንስሩ አልፎ ሄደ። ማህጁብ ልብሱን ሲያነሣ ጦጣው በሆዱ እየተሳበ ሄዶ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፣ ጥግ ያዘ።

ቃለ ጉባኤው ላይ «እንስሳው በገዛ ፈቃዱ ተመልሷል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምስታችንም ፈረምን።

አሁን ሣጥኑ ማህጁብ ግቢ ነው፤ ከሰባቱ ልጆቹ መካከል። በሩ ተነቅሎ ወድቋል። ጦጣው አይወጣም። ትንሿ ልጁ አማል ከሣጥኑ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ማንጎ ትበላለች፣ ምንም አትለውም፣ አትነካውም፤ ትናንት አጠገቧ ያለውን ልጣጭ እጁን ሰዶ ወሰደ ብሎ ማህጁብ የምሥራች ነገረኝ። ዘጠኝ ወር ዘግቼ ከቆየሁ በኋላ የሰማሁት የምሥራች ይህ ነው፤ አንድ ልጣጭ።

ከወንዙ በተመለስን ዕለት አሮጌ ወረቀቴን ሁሉ ገለባበጥኩ። ታውቂ የለ፣ ለቤተሰብ ስጽፍም ካርቦን አስገባለሁ፤ ትስቂብኝ ነበር። ብሪቱ በወባ የሞተች ሰሞን፣ በ1985፣ ቤዚን በዘጠኝ ወሯ ስልክልሽ የጻፍኩልሽን ቅጂ አገኘሁ። ከጦጣው ትእዛዝ ጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። «ከጎረቤት ልጅ ተለይታ ትቆይ፤ በሽታ አለ፣ ስድብ አለ። አሰፋሽም ከምግብ በቀር ብዙ አታቅፋት፣ ትለምዳለች። ሌላ ትእዛዝ እስክሰጥ ድረስ በሩ ይዘጋ።» ለጦጣው ከመመሪያ ገልብጬ ነው እያልኩ እጽናና ነበር። ለልጄ ግን የጻፍኩት ቀድሜ ነው። ከማንም አልገለበጥኩም። ብሪቱን የወሰደ ሞት በቤዚ በኩል ቀዳዳ እንዳያገኝ ፈርቼ ነው፤ ሞት በማይገባበት በር ልጅም እንደማይገባ አላሰብኩም።

እትዬ፣ አንቺን አልወቅስም። አንቺ ልጅ ወልደሽ አላሳደግሽም፣ የታናሽ ወንድምሽን ወረቀት ግን እንደ ሕግ ጠበቅሽ። ደረቅ መሆኔን አይተሽ አንድ ጊዜ እንኳ ብትጥሺው ምን ነበረበት እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ማን አስተማራት እላለሁ።

ዶክተሩን ልጄን አንሥቼ ጠየቅሁት። እሱ የከብት ሐኪም መሆኑን፣ ልጅ ጦጣ አለመሆኗን ነገረኝ፤ ቶሎ የልጅ ሐኪም ይያት አለ። አልማለልኝም፣ ተስፋም አልነሣኝም። አንድ ነገር ግን ጨመረ። ለብቻቸው ካደጉት ጦጣዎች ጥቂቱ የተመለሰው ከእነሱ ከሚያንስ ግልገል ጋር ሲደረጉ ነው አለኝ። ትልቁ ይጠይቃል፣ ይማታል፣ ይጎትታል። ትንሹ ግን ከመለጠፍ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህን ሲለኝ ያ በአጥር ቀዳዳ እየዳኸ የሚመጣው ሕፃን ትዝ አለኝ። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ የተመለሰው። ሐኪም ሳንጠራው በራሱ እግር፣ ይቅርታ፣ በራሱ ጉልበት መጥቶልን ነበር፤ እኛ በቆርቆሮ ደፈንነው።

የዓመት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ፈቃድ የሚፈርመው የሥራ መደብም ገና አልጸደቀም። ስለዚህ ሳይፈረምልኝ እመጣለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ ቢያባርረኝ የማባረሪያውን ደብዳቤ የሚፈርም ይኖር እንደሆነ እናያለን። መንገዱ ዝናብ ስለያዘው ስንት ቀን እንደምውል አላውቅም። ደብዳቤውን ዶክተር ሁንዴሳ ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይዞልኝ ይገባል፤ እኔ እስክደርስ አንድ ቀን እንኳ እንዳይጨመርባት ወረቀቱ ይቅደመኝ።

ሌላ ትእዛዝ እስክሰጥ ድረስ ብዬሽ ነበር። ይኸው ሰጠሁ። በሩ ይከፈት። አሰፋሽ ቤዚን ትዘላት፣ ሥራው ይቅር፣ ወጡም ይረር። አልጋ ሥር ስትገባ ጎትታችሁ አታውጧት፤ አንቺም ጉልበትሽን እያመመሽ ቢሆን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጪ፣ ምንም አትበያት፣ ዝም ብለሽ ምግብሽን ብዪ። ስታለቅስ ከሰማሽ ደግሞ፣ እትዬ፣ እልል በዪልኝ።

ለጋሽ ይፍሩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉ እንኳ ቢሆን በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ድምፅ ሆኗልና አይቅር። ለአሰፋሽ፣ ስላልታቀፈችው ልጅ ይቅርታ የምጠይቀው ከእሷ ጭምር መሆኑን ንገሪልኝ። ቤዚን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከሸሸችሽ ተያት፣ ጫማዋን ሳሚልኝ። ማህጁብና ሰባቱ ልጆቹ ሳያውቋችሁ ሰላም ብለዋችኋል። ለጎረቤትሽም፣ ሦስት ጊዜ ልጇን ተሸክማ ለተመለሰችው፣ እጅ ነሥቻለሁ በያት።

ለዚያ ለሚድኸውም ሕፃን ሰላምታ አለኝ፤ አሁን ቆሞ ሳይሄድ አይቀርም። ስሙን አላውቀውም፣ ጠይቄም አላውቅ። የእሱን ሰላምታ ግን በአፍሽ እንዳታደርሺው። ቆርቆሮውን አስነሺና ቤዚን ከቀዳዳው በዚህ በኩል አስቀምጪያት።

ወንድምሽ ደባልቄ
አሶሳ፣ ግንቦት 21 ቀን 1988 ዓ.ም.